የቨርጂኒያ ፈቃድ ወንዝ አያሻግርም

ጥያቄው፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ግሪን ካርድ ካገኘሁ አራት ዓመቴ ነው። ማታ ማታ ኡበር እሠራለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ የማውቀው ሾፌር መኪናው ውስጥ እንዳለ ተዘረፈ። ከዚያ በኋላ ፈራሁና ሽጉጥ በሕጋዊ መንገድ ገዛሁ። የቨርጂኒያን የመያዣ ፈቃድም አወጣሁ። እኅቴ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። እሑድ እሑድ ደግሞ ዲሲ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ጓደኞቼ ‹መኪናህ ማለት ቤትህ ነው፤ ፈቃድ ካለህ ማንም አይነካህም› ይሉኛል። እውነት ነው? ሽጉጡን መኪናው ውስጥ የት ላስቀምጠው? ፖሊስ ቢያስቆመኝስ ምን ልበል?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቀድመው ስለጠየቁ በጣም ደስ ብሎኛል። እኔ ጋ የሚመጣው ሰው አብዛኛው ከተያዘ በኋላ ነው የሚደውለው። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ጥብቅና ስሠራ ከሁሉ በላይ የሚከብደኝ የሽጉጥ ክስ የሌባ ወይም የወሮበላ ክስ አይደለም። ሽጉጡን በሕግ የገዛ፣ ግብሩን የሚከፍል፣ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ድልድይ ተሻግሮ የተያዘ ዕለት ነው እንቅልፍ የማጣው።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ቨርጂኒያ ውስጥ እስካሉ ድረስ ፈቃድዎ ይሠራል። የፖቶማክን ወንዝ ሲሻገሩ ግን ፈቃድዎ አብሮዎት አይሻገርም። ሜሪላንድ አይቀበለውም። ዲሲም አይቀበለውም። እርስዎ ደግሞ የያዙት ግሪን ካርድ ነው። ስለዚህ ነገሩ እስርና የገንዘብ ቅጣት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከዚህ አገር የመባረር ጉዳይ ይሆናል። እኅትዎ ጋ ሲሄዱም፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱም ሽጉጡ ቤት ይቅር። ምክንያቱን አንድ በአንድ ላስረዳዎት።

ጓደኞችዎ «መኪናህ ቤትህ ነው» ያሉት ከምንም ተነሥተው አይደለም። የቨርጂኒያ ሕግ የመያዣ ፈቃድ ለሌለው ሰው እንኳ አንድ በር ከፍቷል። ሽጉጥ መያዝ ያልተከለከለ ሰው በራሱ የግል መኪና ውስጥ ሽጉጡን በተዘጋ ዕቃ ወይም በተዘጋ ክፍል አድርጎ ሊይዝ ይችላል። ይህ ከ2010 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ጀምሮ በሕጉ ውስጥ አለ። ከፊት ወንበር ፊት ለፊት ያለችው መሳቢያ፣ ግላቭ ቦክስ የምንላት፣ ከተዘጋች ትበቃለች። ዚፕ ያለው ቦርሳም ዚፑ ከተዘጋ እንደዚያው። መቆለፍ ግዴታ አይደለም። መዘጋት ግን ግዴታ ነው። ወንበር ሥር ማስገባት፣ በር ኪስ ውስጥ መወሸቅ፣ ጃኬት ደርቦ አጠገብ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ከዚህ ፈቃድ ውጭ ናቸው። ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ደብቆ መያዝ ቨርጂኒያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ያስቀጣል። ለሁለተኛ ጊዜ ከሆነ ከባድ ወንጀል ይሆናል።

እርስዎ ፈቃዱ ስላለዎት ቨርጂኒያ ውስጥ ወገብዎ ላይ ታጥቀው መንዳትም ይችላሉ። ይህ ማለት ግን የፈለጉት ቦታ ይገባሉ ማለት አይደለም። ኤርፖርት ብዙ የኛ ሰው የሚሠራበት ስለሆነ ከሱ ልጀምር። የደለስም ሆነ የሬጋን ኤርፖርት ተርሚናል ሕንፃ ውስጥ ሽጉጥ ይዞ መግባት ወንጀል ነው። ፈቃድም አያድንም። ሻንጣ ልርዳ ብለው ከመኪና ወርደው በሩን ካለፉ፣ አለቀ። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲያመጡ ደግሞ ባለ ፈቃድ ሰው ሽጉጡን እንደያዘ መኪናው ውስጥ ሆኖ የመኪና ማቆሚያው ላይ መቆየት ይፈቀድለታል። ከመኪናው ይዞት ከወረደ ግን ከባድ ወንጀል ነው። ፖስታ ቤት የፌዴራል ግቢ ነው፤ የመኪና ማቆሚያውም ጭምር። ፔንታጎን ግቢም እንደዚያው።

አሁን ወደ ወንዙ እንምጣ።

እርስዎ መንጃ ፈቃድዎን ይዘው ከቨርጂኒያ እስከ ካሊፎርኒያ ቢነዱ ማንም «የዚህ ስቴት ፈቃድ የታለ?» አይልዎትም። ሰው ሁሉ የሽጉጡንም ፈቃድ እንደ መንጃ ፈቃድ ያስበዋል። አይደለም። አገር ቤት የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ለመላው አገሪቱ የወጣ አንድ አዋጅ ነው። እዚህ ግን እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ሕግ አለው። ለእርስዎ ፈቃዱን የሰጠዎት የአካባቢዎ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ነው። ያ ፈቃድ የት የት እንደሚሠራ የሚወስነው ደግሞ ተቀባዩ ስቴት ነው። ሜሪላንድ የማንንም ስቴት ፈቃድ አይቀበልም። ዲሲም የማንንም አይቀበልም።

የሜሪላንድ ሕግ ከቨርጂኒያ ተገልብጦ የተጻፈ ይመስላል። ቨርጂኒያ «ካልተከለከለ ይቻላል» ከሚል ይነሣል። ሜሪላንድ «ካልተፈቀደ አይቻልም» ይላል። በመንገድ ላይ በሚሄድ መኪና ውስጥ ሽጉጥ መያዝ፣ የተደበቀም ይሁን የሚታይ፣ ወንጀል ነው። ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋተኛም እስከ 5 ዓመት ሊደርስ ይችላል። ከዚህም አልፎ ሕጉ ሽጉጡ በመኪናዎ ውስጥ ከተገኘ እያወቁ እንደያዙት ይገምታል። «ረስቼው ነው» የሚለውን ማስረዳት የእርስዎ ሥራ ይሆናል ማለት ነው።

የተፈቀዱ መንገዶች አሉ። ሽጉጡን ከገዙበት ቦታ ወደ ቤት፣ ወደ ጥገና፣ ከአንድ መኖሪያ ቤትዎ ወደ ሌላው፣ ወደ ዒላማ መለማመጃ፣ ወደ አደን መውሰድ ይቻላል። የንግድ ድርጅቱ የራሱ የሆነ ሰውም ከቤቱ ወደ ድርጅቱ ሊወስድ ይችላል። በእነዚህም ጊዜ ሽጉጡ ጥይት የሌለበትና በተዘጋ መያዣ ወይም በተዘጋ ማኅደር ውስጥ ያለ መሆን አለበት። «እኅቴን ልጠይቅ» ከእነዚህ ውስጥ የለም። «ኡበር የራሴ ንግድ ነው፣ መኪናዬ ድርጅቴ ነው» ብለው የሚከራከሩም አጋጥመውኛል። እኔ በዚህ ክርክር ላይ ግሪን ካርዴን አላስይዝም። እርስዎም አያስይዙ።

ዲሲ ይብሳል። እዚያ ሽጉጡ ራሱ በከተማው ፖሊስ መመዝገብ አለበት። የእርስዎ አልተመዘገበም። ስለዚህ አንድ ሽጉጥ ሦስት ክስ ይወልዳል፦ ያለ ፈቃድ መያዝ፣ ያልተመዘገበ መሣሪያ፣ ያልተፈቀደ ጥይት። የመጀመሪያው ብቻ እስከ 5 ዓመት እስርና እስከ 12,500 ዶላር ሊያስቀጣ ይችላል። ጥይቱ ለብቻው ወንጀል ነው። ሽጉጥ ባይኖርም። አንድ ፍሬም ቢሆን።

አንድ ደንበኛ ነበረኝ። ሽጉጡን ቤት ትቶ ነው የወጣው። ከሳምንት በፊት ግን ዒላማ ሲለማመድ ውሎ ነበር፤ ሁለት ጥይት የሾፌሩ በር ኪስ ውስጥ ቀርታለች። የኋላ መብራቱ ተቃጥሎ ዲሲ ውስጥ አስቆሙት። ክሱ በመጨረሻ ተነሣ። እስኪነሣ ግን ወራት ፈጀ። የዜግነት ማመልከቻውም ቆሞ ጠበቀ። ሁለት ጥይት ናት። እባክዎ የመኪናዎን በር ኪስ፣ የወንበር ሥር፣ የጃኬትዎን ኪስ በደንብ ይፈትሹ።

«እኔ ዲሲ አልገባም፣ በቨርጂኒያ በኩል ነው የምነዳው» እንዳይሉኝ፣ በየቀኑ የሚነዱበትን መንገድ ላሳይዎት። ከአሌክሳንድሪያ በጆርጅ ዋሺንግተን ፓርክዌይ ወደ ሮዝሊን ሲነዱ ኤርፖርቱን አልፈው ትንሽ እንደሄዱ ኮሎምቢያ አይላንድ የምትባል ደሴት ላይ ይወጣሉ። ትልቁን ወንዝ አልተሻገሩም። ከቨርጂኒያ የወጡ አይመስልዎትም። ደሴቲቱ ግን የዲሲ መሬት ናት። ሌላው ደግሞ እኅትዎ ጋ ሲሄዱ የሚይዙት የዉድሮው ዊልሰን ድልድይ ነው። አንዱን ጫፍ ቨርጂኒያ፣ ሌላውን ሜሪላንድ ይዞታል። መሐል ላይ ግን የዲሲ ጥግ አለች። በአንድ ድልድይ ላይ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ በሦስት ሕግ ሥር ያልፋሉ። ፔንታጎን አጠገብ አንድ መውጫ ከሳቱ ደግሞ መንገዱ ራሱ 14ኛው መንገድ ድልድይ ላይ ያወጣዎታል። ማታ ለሚሠራ ሾፌር ይህ በሳምንት አንዴ የሚያጋጥም ነገር ነው። ፖሊሱ መሳሳትዎን ሊረዳልዎት ይችላል። ሕጉ ግን መሳሳትን አያይም።

በመንገድ ለሚያልፍ ሰው መፍትሔ የለም ወይ? አለ፤ ግን ጠባብ ነው። በ1986 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ። መያዝ ከሚፈቀድልዎ ቦታ ተነሥተው መያዝ ወደሚፈቀድልዎ ሌላ ቦታ የሚሄዱ ከሆነ፣ መሐል ላይ ያለው ስቴት ሊይዝዎት አይገባም ይላል። ሽጉጡ ጥይት የሌለበት መሆን አለበት። ሽጉጡም ጥይቱም ከተሳፋሪ ወንበር እጅ የማይደርስበት ቦታ መሆን አለባቸው፤ ማለትም በኋላው ሻንጣ፣ በትራንክ ውስጥ። መኪናዎ ቫን ወይም ኤስዩቪ ሆኖ የተለየ ትራንክ ከሌለው በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ይሁን። ግላቭ ቦክስና በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሐል ያለው ሣጥን ቢቆለፉም አይቆጠሩም። ልብ ይበሉ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ትክክል የነበረው ግላቭ ቦክስ እዚህ ላይ ስሕተት ይሆናል። ዲሲም ለመተላለፊያ ያወጣው የራሱ ሕግ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

ይህ ሕግ ለእርስዎ የእሑድ ጉዞ አይጠቅምም። ዲሲ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ማለፊያ ሳይሆን መድረሻዎ ነው። ወደ ፔንስልቬንያ የሚሄድና እዚያ መያዝ የተፈቀደለት ሰው ሜሪላንድን ሊያልፍበት ይችላል። እግረ መንገዱን እኅቱ ጋ ገብቶ እራት በልቶ ካደረ ግን «ማለፍ» የሚለው ቃል ማከራከር ይጀምራል።

በ2013 የሆነ አንድ ነገር አለ፤ ለደንበኞቼ ሁሉ የማልነግርበት ቀን የለም። የፊላደልፊያ ነዋሪ የሆነች፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት የፔንስልቬንያ የመያዣ ፈቃድ ነበራት። ሁለት ጊዜ ተዘርፋ ነበርና ለዚያ ነው የገዛችው። ወደ ኒው ጀርሲ ተሻገረች። ፖሊስ በተራ የትራፊክ ጉዳይ አስቆማት። እሷም በቅንነት «ሽጉጥ ይዣለሁ፣ ፈቃዴም ይኸው» አለች። ኒው ጀርሲ የፔንስልቬንያን ፈቃድ አይቀበልም። ታሰረች። ከሦስት ዓመት በላይ የሚያስቀምጥ የግዴታ ቅጣት ተደቀነባት። ብዙ ሕዝብ ከጮኸ በኋላ ክሱ ወደ ሌላ መንገድ ተቀየረላት፤ በ2015 የስቴቱ ገዢ ይቅርታ አደረገላት። እሷ ዜጋ ነበረች። በጣም የከፋ ቢመጣባት እስር ነበር። የእርስዎ ከዚያም ያልፋል።

እዚህ ላይ ጊዜ ወስጄ ላስረዳዎት፤ ምክንያቱም ሽጉጥ የሚሸጥልዎት ሰው ይህን አይነግርዎትም፤ የሥልጠና አስተማሪውም አይነግርዎትም። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ወደ አገሩ በሕጋዊ መንገድ ከገቡ በኋላ በማንኛውም ጊዜ በጦር መሣሪያ ወንጀል ጥፋተኛ የተባለ የውጭ ዜጋ ሊባረር ይችላል ይላል። መግዛት፣ መሸጥ፣ መጠቀም፣ መያዝ ሁሉ አለበት። ሰው መተኮስ አያስፈልግም። ማስፈራራትም አያስፈልግም። ስንት ቀን ታሰሩ የሚል ጥያቄም የለውም። አንድ ቀን ሳይታሰሩ፣ ሁለት መቶ ዶላር ከፍለው ቢወጡም ያው ነው።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከመባረር እንዲተርፍ የኢሚግሬሽን ዳኛን የሚለምንበት አንድ የታወቀ መንገድ አለ። ለዚያ ግን ቢያንስ 5 ዓመት ግሪን ካርድ መያዝና ቢያንስ 7 ዓመት በተከታታይ እዚህ መኖር ይጠየቃል። እርስዎ አራት ዓመትዎ ነው። ማለትም አሁን ያሉበት ጊዜ ለእርስዎ ከሁሉም የበለጠ ተጋላጭ የሆኑበት ጊዜ ነው። ለዜግነት ማመልከትም ለአብዛኛው ሰው የሚቻለው 5 ዓመት ሲሞላ ነው፤ ማመልከቻውን 90 ቀን ቀድሞ ማስገባት ይቻላል። የቀረዎት ከአንድ ዓመት ያነሰ ነው።

ተያዝኩ ከሚል ሰው ጋር ሁሌም የምጣላበት አንድ ነገር አለ። ዐቃቤ ሕጉ «ጥፋተኛ ነኝ በል፣ አትታሰርም፣ ዛሬውኑ ወደ ሥራህ ትሄዳለህ» ሲለው ደስ ብሎት ይፈርማል። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ «ፍርድ ሳይሰጥ በአመክሮ» የሚባል ነገር አለ። ለስቴቱ ጥፋተኝነት አይደለም። ለኢሚግሬሽን ግን ሰውየው ጥፋቱን አምኖ የሆነ ቅጣት ከተጣለበት እንደ ጥፋተኝነት ሊቆጠር ይችላል። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፈረደው የሆሴ ፓዲያ ጉዳይ የተነሣው ከእንዲህ ዓይነት ፊርማ ነው። ሰውዬው የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ግሪን ካርድ ይዞ ከ40 ዓመት በላይ እዚህ ኖሯል። ለዚህ አገር ጦር ቬትናም ዘምቷል። በዕፅ ክስ ሲያዝ ጠበቃው «ብዙ ስለኖርክ ኢሚግሬሽን አያሳስብህም» አለው። አመነና ፈረመ። ከዚያ የመባረር ጉዳይ መጣበት። ፍርድ ቤቱ የወንጀል ጠበቃ ለውጭ ዜጋ ደንበኛው ስለ መባረር የማስረዳት ግዴታ እንዳለበት ወሰነ። ስለዚህ ጠበቃዎን ይጠይቁት። መልሱን በጽሑፍ ቢሰጥዎት ይመረጣል።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ወገኖችም አንድ ነገር ልጨምር። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሽጉጥ መያዝ በፌዴራል ሕግ አልተከለከለም። ወረቀት የሌለው ሰው ግን ተከልክሏል። በቱሪስት ወይም በተማሪ ቪዛ የገባም፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ ተከልክሏል። ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት ነው። ጥገኝነት ጠይቃችሁ መልስ የምትጠብቁ፣ የሥራ ፈቃድና ሶሻል ሴኩሪቲ ስላላችሁ ብቻ ሽጉጥ የምትገዙ አይምሰላችሁ። የጓደኛ ሽጉጥ «ለአንድ ማታ ያዝልኝ» ቢባልም አትያዙ። የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታናግሩ የሽጉጥ መደብር አትግቡ። ጫት የሚቅምም ሰው ይስማ። ካቲኖን የሚባለው የጫት ንጥረ ነገር በፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ ዝርዝር ውስጥ ነው ያለው። የፌዴራል ሕግ ደግሞ ሕገወጥ ዕፅ ተጠቃሚ የሆነ ሰው መሣሪያ አይያዝ ይላል። ይህ ክልከላ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ በፍርድ ቤቶች እያከራከረ ነው። የኛ ሰው የክርክሩ መሞከሪያ እንዲሆን አልፈልግም።

ከ2022 ወዲህ ደግሞ «ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሽጉጥ ለሁሉም ፈቅዷል» የሚል ወሬ በዝቷል። እውነቱ እንዲህ ነው። ፍርድ ቤቱ በኒው ዮርክ ጉዳይ ስቴቶች ፈቃድ ለሚጠይቅ ሰው «ምን የተለየ ምክንያት አለህ?» ብለው መከልከል አይችሉም አለ። ሜሪላንድም ይህን መስፈርት አነሣ። ፈቃድ ማውጣት ግን አልቀረም። በአንድ መልኩ ይህ ለእርስዎ ጥሩ ነው፤ የሜሪላንድ ነዋሪ ሳይሆኑም ለሜሪላንድ ስቴት ፖሊስ፣ እንዲሁም ለዲሲ ፖሊስ ማመልከት ይችላሉ። ሁለቱም የ16 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃሉ፤ ዲሲ የተኩስ ልምምድ ይጨምርበታል። ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል። የዲሲ ፈቃድ ቢያገኙ እንኳ መጠጥ የሚሸጥ ቤት፣ ሜትሮ፣ ትምህርት ቤት፣ የመንግሥት ሕንፃ ይዘው አይገቡም። ሁለቱንም ፈቃድ በእጅዎ ሳይዙ ግን ወንዙን ይዘው አይሻገሩ።

ስለ ኡበር ሥራዎ። ኡበር ሾፌሩም ተሳፋሪውም መተግበሪያውን እየተጠቀሙ ሽጉጥ እንዳይዙ ይከለክላል። ሊፍትም ይከለክላል። ይህ የድርጅት ደንብ እንጂ የወንጀል ሕግ አይደለም፤ ግን አካውንትዎ ይዘጋል። ከዚያ ሌላ የሥራው ጠባይ ራሱ አይፈቅድም። ማታ ከአሌክሳንድሪያ የተነሣ ተሳፋሪ ወዴት እንደሚወስድዎት አያውቁም። ዲሲ፣ ዩ ስትሪት ሊል ይችላል። ሜሪላንድ፣ ቤተስዳ ሊል ይችላል። ሽጉጥ ይዘው «አልሄድም» ማለት አለብዎት፤ ወይም ወንጀል መሥራት አለብዎት።

ፍርሃትዎ ይገባኛል። የዘረፋው ነገር ተራ አይደለም፤ የተጎዱ ወንድሞችን አውቃለሁ። የፊትና የውስጥ ካሜራ ይግጠሙ፤ ካሜራ መኖሩ በትልቁ የሚታይ ማስታወቂያም ይለጥፉ። ማስታወቂያው ሁለት ጥቅም አለው፤ ሜሪላንድ ውስጥ ድምፅ ለመቅዳት የሁሉም ሰው ፈቃድ ያስፈልጋልና። የመተግበሪያው የአደጋ ጥሪ ቁልፍ የት እንዳለ ዓይንዎን ጨፍነው እስኪያገኙት ይለማመዱ። መኪናውን ከጠየቁዎት ይስጡ። መኪና ይተካል።

ፖሊስ ቢያስቆምዎ ለሚለው ጥያቄ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ይዘው ሳለ እንበል። መኪናውን ወደ ዳር ያቁሙ። የውስጥ መብራት ያብሩ። መስኮቱን ያውርዱ። ሁለቱም እጆችዎ መሪው ላይ ይሁኑ። የመኪናው ወረቀትና ኢንሹራንስ ሽጉጡ ባለበት ግላቭ ቦክስ ውስጥ በፍጹም አይሁኑ። ይህን አደራ እልዎታለሁ። ፖሊሱ ወረቀት ሲጠይቅዎ እጅዎን ወደ ሽጉጥ የሚልኩ ያስመስልብዎታል። ወረቀቱን የፀሐይ መከላከያው ላይ ያድርጉት።

ፖሊሱ ፈቃድዎን ከጠየቀ ከመታወቂያ ጋር የማሳየት ግዴታ አለብዎት። ሳይጠይቅ ቢነግሩት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ግን የቃላቱ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። በ«ሽጉጥ» አይጀምሩ። መጀመሪያ «የቨርጂኒያ የመያዣ ፈቃድ አለኝ» ይበሉ። ቀጥሎ የት እንዳለ ይንገሩት። ከዚያ «ምን እንዳደርግ ይፈልጋሉ?» ብለው ይጠይቁ። እጅዎ አይንቀሳቀስ። አረፍተ ነገሮቹን በእንግሊዝኛ ቤትዎ ሆነው ደጋግመው ይለማመዱ፤ ሰው ሲደነግጥ ቋንቋ ይጠፋዋል። ጥቁር አሜሪካዊው ፊላንዶ ካስቲል በጁላይ 2016 ሚኒሶታ ውስጥ ፖሊስ ሲያስቆመው ፈቃድ ነበረው። ሽጉጥ እንዳለውም በትሕትና ተናግሮ ነበር። ፖሊሱ በሴኮንዶች ውስጥ ተኩሶ ገደለው። ጥቁር ሰው ነን። ይህን ሳላነሣ ምክር መስጠት አልችልም።

ከመኪና ውረድ ካለዎት ይውረዱ፤ የማስወረድ ሥልጣን አለው። መኪናውን ልፈትሽ ብሎ ፈቃድ ከጠየቀዎት ግን በትሕትና «ፍተሻ አልፈቅድም» ማለት መብትዎ ነው። ከፈተሸ አይከላከሉ፣ አይከራከሩ። ክርክሩን ፍርድ ቤት ላይ እንጨርሰዋለን።

እግዚአብሔር አይበለውና ሜሪላንድ ወይም ዲሲ ውስጥ ተሳስተው ይዘው ቢያዙ፣ አይዋሹ። ታሪክም አያብራሩ። ስምዎንና ወረቀትዎን ይስጡ፤ «ጠበቃ እፈልጋለሁ» ይበሉና ዝም ይበሉ። የኛ ሰው ዝም ማለት ንቀት ይመስለዋል። «ልጄ፣ ላስረዳህ» ብሎ ከፖሊሱ ጋር ያወራል። እያንዳንዷ ቃል ክሱ ላይ ትጻፋለች። ግሪን ካርድ እንዳለዎት ለጠበቃው በመጀመሪያው ደቂቃ ይንገሩ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ሽጉጡን በቆመ መኪና ውስጥ ትተው አይደሩ። መኪና ተሰብሮ የሚሰረቅ ሽጉጥ ብዙ ነው፤ የት እንደሚውል ደግሞ እርስዎም እኔም እናውቃለን። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተሰረቀብዎ ማወቅዎን ተከትሎ በ48 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማሳወቅ አለብዎት። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ እንዲሁ አይቀመጥም። ከ14 ዓመት በታች ልጅ በሚደርስበት ሁኔታ በቸልታ መተው እስከ 12 ወር ያሳስራል። በመደብር የሚሸጥ፣ ግድግዳ ወይም ወለል ላይ የሚታሰር ትንሽ ካዝና ይግዙለት። የቨርጂኒያ አዳዲስ ሕጎች ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ ጁላይ 1 ላይ ሥራ ይጀምራሉ። ስለዚህ ይህን መልሴን ለዓመት እንደ መጨረሻ ቃል አይያዙት፤ በየክረምቱ ምን ተቀየረ ብለው ይጠይቁ።

ቅዳሜ እኅትዎ ጋ እንደሚሄዱ ገምቼ ልንገርዎት። ዓርብ ማታ ሽጉጡን፣ የጥይት ካዝናውንና የቀረውን ጥይት ሁሉ ከመኪናው አውጥተው ካዝና ውስጥ ይቆልፉ። የእጅ ባትሪ ይዘው የወንበሮቹን ሥርና የበር ኪሶቹን ይዩ። የኋላ መብራትዎ እንደሚሠራም ያረጋግጡ። ከዚያ ሰኞ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋ ደውለው የዜግነት ማመልከቻዎን የሚያስገቡበትን ቀን ይቁጠሩ።

እኅትዎን ሰላም በሉልኝ።